ጎልድፊሽ፣ ኤንጅል፣ ኒዮንና ፋይተር አብረው አይኖሩም እንዴ? ዓሳዎቼ እያለቁብኝ ነው

ልደታ 4ኛ ፎቅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። የ8 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ «አባዬ ዓሳ ግዛልኝ» ስትለኝ ከርማ በመጨረሻ መስታወት ቤት ሄጄ አኳሪየም አሠራሁላት። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሴንቲሜትር ነው። ከላይ ትንሽ ትቼ ስሞላው 100 ሊትር ገደማ ይይዛል። ፊልተር አለው፣ መብራት አለው። ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) የለውም፤ ዓሳውን የሸጠልኝ ሰው «ለአዲስ አበባ አያስፈልግም» ስላለኝ አልገዛሁም።

ውሃውን ሞላሁና በማግስቱ ዓሳ ልንገዛ ሄድን። ልጄ በቀለም መረጠች፣ እኔም ያለችውን ሁሉ ገዛሁላት። 2 ጎልድፊሽ፣ 2 ኤንጅል፣ 6 ኒዮን፣ 3 ታይገር ባርብ፣ 1 ሰማያዊ ፋይተር፣ እና መስታወት ያጸዳል የተባልኩት 1 ሰከር። ሻጩን «እነዚህ አብረው ይሆናሉ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ሁሉም የወንዝና የሐይቅ ዓሳ ነው፣ ምንም አይሆኑም» አለኝ።

ዛሬ 16ኛ ቀኑ ነው። ኒዮኖቹ በየሌሊቱ አንድ አንድ እያሉ ጠፍተው 2 ብቻ ቀሩ፣ የሞቱትን እንኳ የትም አላገኘሁም። ፋይተሩ ጭራው ተቦጫጭቆ ጥግ ይዞ ይውላል። ማታ መብራት ሳበራ ሰከሩ ጎልድፊሹ ጎን ላይ ተለጥፎ አየሁት። አንዱ ታይገር ባርብ ሞቷል። ትናንትና ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሁሉም አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው አየር ሲስቡ ነው ያገኘኋቸው። ልጄ ከእንቅልፏ ስትነሳ ፊቷን ሳትታጠብ ወደ አኳሪየሙ ነው የምትሮጠው፣ ቆጥራ ሲጎድልባት ታለቅሳለች። እኔም አንጀቴ አልቻለም።

የትኛው ከየትኛው ጋር ነው የሚኖረው? ያሉኝን ማትረፍ ይቻላል ወይስ ሁሉንም መልሼ እንደገና ልጀምር?


አራት ኪሎ ግቢ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዛሬ ማታ የምታደርገውን ልንገርህ፣ ምርጫው ላይ በኋላ እንመጣለን። ባዮሎጂ መምህር ነኝ፣ ዓሳ ማርባት ከጀመርኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ አንተ ላይ የደረሰው የብዙ ጀማሪ ቤት ታሪክ ነው።

ምግብ ዛሬና ነገ አትስጣቸው። ጤነኛ ዓሳ 2 እና 3 ቀን ባይበላ ምንም አይሆንም። ከዚያ ከውሃው ሲሶውን አውጥተህ በአደረ ውሃ ተካው። ያደረ ስልህ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ውስጥ ክፍት ሆኖ 24 ሰዓት የቆየ ማለቴ ነው፣ ክሎሪኑ የሚወጣው እንደዚያ ነው። በጄሪካን ከድነህ ያስቀመጥከው ክሎሪኑን ይዞት ይቆያል። ኮንዶሚኒየም ላይ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም ጄሪካን እንሞላለን፣ ለዓሳው የሚሆነውን ግን ወደ ባልዲ ገልብጠው። ስትጨምረው ቀዝቃዛውን በአንድ ጊዜ አታፍስስባቸው፣ ከማንቆርቆሪያ ትንሽ ሙቅ ውሃ ቀላቅለህ ከአኳሪየሙ ጋር አስተካክለው። ይህንን በየሁለት ቀኑ ደጋግመው።

አሁን ምክንያቱ። ዓሳ ከሚተነፍስበትና ከሚጥለው ቆሻሻ አሞኒያ ይወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። ያረጀ አኳሪየም ውስጥ ፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይቱም መርዝ ነው፣ ናይትሬቱ ግን በጣም ካልበዛ ብዙ አይጎዳም፣ ውሃ ስትቀይር ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በቂ ሆነው እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አንተ በማግስቱ 15 ዓሳ አስገባህ። ጠዋት ጠዋት አየር ፍለጋ ወደ ላይ የሚወጡት ለዚህ ነው። ሻጩ ይህንን ሊነግርህ ይገባ ነበር።

ኒዮኖቹን የበላው ኤንጅሉ ነው። ሁለቱም የአማዞን ዓሳ ስለሆኑ ሰው ይስማማሉ ብሎ ያስባል፣ ግን ኤንጅል እዚያም ቢሆን ትናንሽ ዓሳ ይበላል። ሌሊት ኒዮን ሲያርፍ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ፈዞ ይቆማል፣ ያኔ ነው የሚለቀም። ሬሳ ያላገኘኸውም ለዚህ ነው።

የፋይተሩን ጭራ የቦጨቁት ታይገር ባርቦቹ ይመስሉኛል። ታይገር ባርብ በመንጋ ነው የሚኖረው፣ 8 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ርስ በርሱ ይሯሯጣል፣ ሌላውን ይተዋል። 3 ብቻ ሲሆን ጎረቤቱን ነው የሚያምሰው፣ በተለይ ክንፉ ረጅም የሆነውንና ቀስ ብሎ የሚዋኘውን። ፋይተርና ኤንጅል ደግሞ ሁለቱም እንደዚያ ናቸው።

ሰከሩ ጎልድፊሹ ላይ የተለጠፈው ሰውነቱ ላይ ያለውን ልጋግ ሊልስ ነው። ጎልድፊሹ ይቆስላል። ዛሬውኑ ብትለያቸው ጥሩ ነው።

ጎልድፊሹ ራሱ ከዚህ ቡድን አይደለም። ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፣ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል። የቀሩት ከዚያ ሞቅ ያለ ውሃ ይፈልጋሉ። ለአንዱ ስታሞቅ ሌላውን ታስጨንቃለህ። በዚያ ላይ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ቆሻሻ ይጥላል፣ ተራው ዓይነት ከ20 ሴንቲሜትር ያልፋል፣ አፉ የሚችለውን ትንሽ ዓሳ ሁሉ ይውጣል።

እኔ ለጀማሪ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ቤትህ ያለውን ውሃ እወቅ። ስንት ዲግሪ ነው? ማዕድን የበዛበት ደረቅ ነው ወይስ ለስላሳ? ከዚያ ለዚያ ውሃ የሚሆን ዓሳ ፈልግ። ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቴርሞሜትር አለህ?


ልደታ 4ኛ ፎቅ፦

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ውሃ በባልዲ ገልብጫለሁ፣ ነገ ማታ እቀይራለሁ። ለዛሬው ጎረቤቴ ከትናንት ጀምሮ ለልብስ ብላ ባልዲ ሞልታ ክፍት የተወችው ነበር፣ ሳሙና ያልነካው መሆኑን ጠይቄ 30 ሊትር ወስጄ ለውጬላቸዋለሁ። ፋይተሩን ለብቻው ሰፊ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አደረግኩት፣ ሰከሩን ደግሞ በባልዲ።

ቴርሞሜትር የለኝም፣ ነገ እገዛለሁ።


ጉፒ ከቀበና፦

ሰላም። የመምህርን መልስ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፣ ስለ ምርጫው ደግሞ እኔ ልጨምርልህ። ቤቴ ውስጥ 4 አኳሪየም አለኝ፣ አብዛኛው ጉፒና ፕላቲ ነው።

መጀመሪያ ማንቆርቆሪያህን ክፈትና ውስጡን እይ። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከጋገረ ውሃህ ማዕድን የበዛበት ደረቅ ውሃ ነው። ንጹህ ከሆነ ለስላሳ ነው። ለምን መሰለህ የምልህ፣ አዲስ አበባ የሚጠጣው ውሃ ከአንድ ቦታ አይደለም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣ አለ፣ ከአቃቂ ጉድጓድ የሚመጣ አለ። የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ማዕድኑ ይበዛል። እኔ ቀበና ያለሁት የሚመቸኝ ዓሳ አንተ ልደታ ላይ ላይመችህ ይችላል።

ደረቅ ውሃ ካለህ ጉፒ፣ ፕላቲ፣ ሞሊና ሶርድቴይል ደስ ብሏቸው ይኖራሉ። አራቱም እንቁላል አይጥሉም፣ ወዲያው የሚዋኙ ልጆች ነው የሚወልዱት። ኒዮን ደግሞ በተፈጥሮው ከለስላሳና ትንሽ አሲድነት ካለው ውሃ የመጣ ነው። አሁን የሚሸጠው አብዛኛው ሰው ያረባው ስለሆነ መጠነኛውን ይችላል፣ ግን ሞሊና ኒዮን አንድ ላይ ማድረግ አንዱን መበደል ነው እላለሁ። ሞሊ ጨው እንኳ ጣል ቢደረግበት የሚወድ ዓሳ ነው።

ስለዚህ ለ100 ሊትር ሁለት መንገድ ይታየኛል።

ውሃህ ደረቅ ከሆነ ጉፒ ወንድ ወንዱን፣ ጥቂት ፕላቲ፣ ታች ላይ ደግሞ ኮሪዶራስ የሚባለው ትንሽ ጢማም ዓሳ። ውሃህ ለስላሳ ከሆነ 10 ኒዮንና ኮሪዶራሶች፣ ከተገኘ አንድ ሃኒ ጎራሚ። ኒዮን ከ6 በታች በፍጹም አትግዛ፣ ብቻውን ሲሆን ይፈራል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ኮሪዶራስም እንደዚያው ነው፣ 5 እና 6 ሆኖ ነው የሚያምረው። አሸዋ ወይም ድቡልቡል ጠጠር አድርግለት እሺ? ሹል ጠጠር ከሆነ ጢሙን ይቆርጠዋል፣ ምግቡን የሚፈልገው ደግሞ በጢሙ ነው። እና አንዳንዴ ድንገት ወደ ላይ ተወንጭፎ አየር ጎርሶ ቢመለስ አትደንግጥ፣ ኮሪዶራስ በአንጀቱ አየር ይወስዳል፣ ጠባዩ ነው። መደንገጥ ያለብህ ሁሉም በአንድነት ከላይ ሲቀሩ ነው።

ጉፒን ወንድ ብቻ ያልኩህ ስለሚበዛ ነው። አንዲት ሴት በ4 ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፣ ከአንድ ጊዜ ግንኙነት ዘሩን አቆይታ ለወራት ደጋግማ ልትወልድ ትችላለች። ግን ልጅህ 8 ዓመቷ ነው አይደል? እንግዲያው ፕላቲውን 1 ወንድ 3 ሴት አድርገው። ሲወልዱ ትይ። ትናንሾቹ የሚደበቁበት ለምለም ተክል አድርግ፣ ትልልቆቹ ስለሚበሏቸው የሚተርፉት ጥቂት ናቸው፣ ለቤትህ ይበቃል። የኔ የመጀመሪያዋ ፕላቲ የወለደችበትን ቀን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፣ እራት ሳልበላ መስታወቱ ስር ቁጭ ብዬ አመሸሁ።

ፋይተርህን ግን ከጉፒ ጋር አታድርገው። የወንድ ጉፒ ጭራ ሰፊና ባለቀለም ስለሆነ ፋይተሩ ሌላ ፋይተር መጣብኝ ብሎ ይነሳበታል።


ሜክሲኮ አካባቢ፦

እኔ በአንድ ነገር አልስማማም። ሁላችሁም ሂተር አለው ብላችሁ ነው የምታወሩት። የለውም እኮ! ቤቴ ውስጥ ለክቼ አውቃለሁ፣ አሁን ኅዳር ላይ ውሃዬ ሌሊት 17 ነው የሚያድረው፣ ቀን 20 አይሞላም፣ ብርዱ ደግሞ ታኅሣሥና ጥር ገና አለ። ሂተር ቢገዛም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ውሃው ይወርዳል ይወጣል፣ ያ ደግሞ ከብርዱ ይብሳል። እኔ ሁለት ዓመት ሂተር ተጠቅሜ ሁለት ጊዜ መብራት ሲጠፋብኝ በነጭ ነጠብጣብ በሽታ ግማሾቹን አጣሁ። ጨው የነሰነሱባቸው ይመስል ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት።

ከዚያ በኋላ ሂተር አውጥቼ ብርድ የሚችሉትን አስገባሁ፣ ይኸው 3 ዓመቴ ሰላም ነኝ። ዜብራ ዳኒዮ 18 ዲግሪ ላይ ይኖራል። ኋይት ክላውድ የሚባለው ትንሽ ዓሳ ከደቡብ ቻይና ተራራ ወንዞች የመጣ ነው፣ እንዲያውም ሙቀት ሲበዛበት ነው የሚደክመው። ሮዚ ባርብም ይችላል። ከኮሪዶራስ ውስጥ ደግሞ ነጠብጣባሙ ፔፐርድ የሚባለው ከሌሎቹ ይልቅ ቅዝቃዜ ይወዳል። ቀለማቸው እንደ ኤንጅል አይጮህም፣ ግን 10 ዜብራ ዳኒዮ ከጫፍ ጫፍ ሲሮጡ ስታይ ሌላ ደስታ ነው።

ሌላ አማራጭ ደግሞ 2ቱን ጎልድፊሽ ብቻ አስቀርተህ ሁሉንም ማውጣት ነው።

እና በቁጥር፣ ብዙ ቦታ የሚጻፈው ለ1 ሊትር 1 ሴንቲሜትር ዓሳ ነው። 100 ሊትር ካለህ ሲያድጉ ተደምረው 100 ሴንቲሜትር የሚሆኑ ዓሳዎች ትይዛለህ።


አራት ኪሎ ግቢ፦

የሜክሲኮው ወንድማችን ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ከልምድ የመጣ ነው። ለቁጥሩ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህንን እዚህ ከተማ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት እዚህ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ግፊቱ ሲያንስ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እኛ ቤት ያው ውሃ ወደ 6 ይወርዳል። የሴንቲሜትሩ ስሌት የተሠራው ለሌላ ከተማ ነው። እኔ ከ100 ላይ 25ቱን ቀንሼ በ75 ነው የምቆጥረው፣ ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋውን ኤር ፓምፕም ቀንና ሌሊት አላጠፋም። የሞቀ ውሃ ኦክስጅን እንደሚያንሰውም አትርሱ። ሂተር ስናስገባ የኤር ፓምፑ አስፈላጊነት ይጨምራል።

ጎልድፊሹን ግን 100 ሊትር ውስጥ ለዘለቄታው አልመክርም። ለትንሽ ጊዜ ይሆናል። በደንብ ከተያዘ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚኖር ዓሳ ነው፣ ሲያድግ ይጠበዋል። እኔ ግቢዬ ውስጥ የሲሚንቶ ገንዳ ሠርቼላቸዋለሁ፣ ያለ ምንም ሂተር ክረምትና በጋ ይኖራሉ። የአዲስ አበባ አየር ለጎልድፊሽ የተሰጠ ነው። የልደታው ወንድሜ ከፈለግህ ሁለቱን እኔ እቀበልሃለሁ፣ ልጅህም በፈለገች ጊዜ መጥታ ታያቸዋለች።


ሐይቅ ዳር ያደግኩ፦

ይቅርታ በመሃል ልግባና፣ እኔ ሐዋሳ ነው ያደግኩት፣ አሁን ካዛንቺስ አካባቢ ነኝ። የኛን ቆሮሶ ትንንሹን አምጥቶ ማሳደግ አይሻልም? የውጭ ዓሳ ለምን እንገዛለን?


አራት ኪሎ ግቢ፦

ሐሳብህ ደስ ይላል፣ ልብህን ተረድቻለሁ። ግን ቆሮሶ ለዚህ አኳሪየም አይሆንም። ከ50 ሴንቲሜትር በላይ ሊደርስ የሚችል ዓሳ ነው። ወንዱ ለመራባት ሲዘጋጅ አሸዋውን ቆፍሮ ጉድጓድ ይሠራል፣ ወደዚያ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። ሴቷ ደግሞ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፣ ሲታይ እጅግ የሚገርም ነገር ነው፣ ግን ሰፊ ገንዳ ይፈልጋል። አምባዛም እንደዚያው፣ ሌሊት እየተነሳ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይውጣል።

አንተ ሐይቅ ዳር ስላደግክ አንድ ነገር አደራ ልበልህ። ጉፒም ይሁን ሌላ የውጭ ዓሳ የበዛበት ሰው ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ አይልቀቀው። ጉፒ ከሄደበት ቦታ ተነቅሎ አይወጣም፣ የአገሩን ዓሳ ምግብና እንቁላል ይሻማል።


ልደታ 4ኛ ፎቅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 4 ቀን ቆይቼ ነው የመጣሁት፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ቴርሞሜትር ገዛሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 18 ነበር። ማንቆርቆሪያዬን ከፈትኩት፣ ውስጡ ነጭ ቅርፊት አለው፣ ስቆፍረው ይረግፋል። ስለዚህ ውሃዬ ደረቅ ነው ማለት ነው። ውሃ 2 ጊዜ ቀየርኩ፣ አሁን ወደ ላይ መውጣቱ ቆሟል። ከኒዮኖቹ ግን አንዱ ትናንት ሞተ፣ አሁን 1 ብቻ ነው ያለው።

ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ያላችሁትን ሁሉ አነበብንላት፣ እናቷም አብራ ሰማች። ሂተር ለመግዛት ወስነናል፣ ምክንያቱም ልጄ ፕላቲ ሲወልድ ማየት አለብኝ ብላ ቆርጣለች። በመምህር ስሌት በ75 አስበነዋል። 8 ወንድ ጉፒ በ3 ሴንቲሜትር 24፣ 4 ፕላቲ በ5 ሴንቲሜትር 20፣ 5 ኮሪዶራስ በ6 ሴንቲሜትር 30፣ ሲደመር 74። ማባዛቱንና መደመሩን የሠራችው እሷ ናት።

የቀሩኝ ጥያቄዎች፣ ሂተሩ ስንት ዋት ይሁን? መብራት ሲጠፋስ ምን ላድርግ? ሰከሩስ? የቀረችውን አንድ ኒዮንስ?


ጉፒ ከቀበና፦

የኔ ቆንጆ፣ ሒሳቡን የሠራችውን ልጅ ሳምልኝ።

ሂተር 150 ዋት ግዛ። ከ18 ወደ 25 ለመውጣት 7 ዲግሪ ነው፣ 100 ዋቱ ብርድ ሲበረታ እረፍት ሳያገኝ ይሠራል። ውሃ ስትቀይር ነቅለህ ጠብቅ፣ ሙቅ ሆኖ ከውሃ ከወጣ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ እጅህንም ሳትነቅል አታስገባ።

መብራት ሲጠፋ አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ዙሪያውን ሸፍነው፣ ላዩን ትንሽ ለአየር ተው። 100 ሊትር ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። የሜክሲኮው ወንድማችን ላይ የደረሰው ትንሽ አኳሪየም ስለነበረ ይመስለኛል። ሌሊቱን ሙሉ ከጠፋ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተህ ጥብቅ አድርገህ ዘግተህ አንሳፍፈው፣ ሲበርድ ለውጠው። ምግብ አትስጥ። በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ካገኘህ ግዛ፣ ከሂተሩ በላይ የሚያስፈልግህ እሱ ነው። ፊልተሩ ቆሞ ለብዙ ሰዓት ከቆየ ባክቴሪያው አየር አጥቶ ይሞታል፣ መብራት ሲመጣ ወዲያው ከማብራትህ በፊት ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በቀዳኸው ውሃ እጠበው። በቧንቧ ውሃ እንዳታጥበው፣ ክሎሪኑ ይገድለዋል።

ሰከሩን ፎቶ ብታነሳልን ደስ ይለኛል። አብዛኛው የሚሸጠው ተራው ዓይነት ነው፣ ሲያድግ ከ30 ሴንቲሜትር ያልፋል። ከሆነ ከአሁኑ ትልቅ አኳሪየም ያለው ሰው ፈልግለት።

ኒዮኗን ለብቻዋ አታስቀራት። አንተ ጋ መንጋ የላትም፣ ውሃህም ደረቅ ነው። ሌላ ሰው ጋ 10 ካሉ ትቀላቀል። እኔ የማውቃት ጓደኛዬ ጋ አሉ፣ እጠይቅልሃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን እንዳትገዛ! መጀመሪያ 4ቱን ፕላቲ። ከ3 ሳምንት በኋላ ጉፒውን። ኮሪዶራሱን መጨረሻ። ከኔ ፊልተር ላይ ቁራሽ ስፖንጅ እሰጥሃለሁ፣ ባክቴሪያው ያለበት ነው፣ ያንተ ፊልተር ውስጥ ብትከተው ሳምንታት ይቀንስልሃል። በላስቲክ ከነውሃው ይዘህ በቶሎ ቤት ድረስ።


ሜክሲኮ አካባቢ፦

እውነት ነው፣ የኔ 40 ሊትር ነበር። 100 ሊትር ከሆነ ይሻላል።

ታይገር ባርቦቹን 2ቱን ስጠኝ። የሥራ ባልደረባዬ ስድስት ኪሎ አካባቢ 9 አለው፣ አኳሪየሙ ሞቃት ነው፣ ደስ ብሎት ይወስዳቸዋል። ኤንጅሎቹን ግን እሱም አይወስድም፣ ከባርብ ጋር አይሆኑም።


ልደታ 4ኛ ፎቅ፦

ኤንጅሎቹን ሻጩ በግማሽ ዋጋ መልሶ ሊወስዳቸው ተስማምቷል፣ እሱ ጋ ኤንጅል ብቻ ያለበት ትልቅ መስታወት አይቻለሁ። ፋይተሩን ግን ልጄ አትሰጥም አለች። 20 ሊትር የሚይዝ ትንሽ መስታወትና 25 ዋት ሂተር እገዛለታለሁ፣ ብቻውን ይኑር። ጭራው ጫፉ ላይ በስሱ ማደግ ጀምሯል።

መምህር፣ ጎልድፊሾቹን ቅዳሜ ላመጣ እችላለሁ? ልጄ አብራኝ ትመጣለች፣ ገንዳውን ልታይ ጓጉታለች።


አራት ኪሎ ግቢ፦

ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ኑ፣ ቤት ነኝ። በፌስታል አታምጣቸው፣ ትልልቅ ስለሆኑ ይታፈናሉ። ክዳን ያለው ባልዲ ግማሽ ድረስ በአኳሪየሙ ውሃ ሞልተህ አምጣቸው፣ ጠዋት ምግብ አትስጣቸው። ታክሲ ውስጥ እግርህ መሃል አድርገው፣ እንዳይናወጥ። እዚህ ስትደርሱ ባልዲውን ገንዳው ውስጥ ግማሽ ሰዓት እናንሳፍፈዋለን፣ ከገንዳው ውሃ በጣሳ እየጨመርን። ጣሳውን የምትይዘው ልጅህ ትሁን።